በምጥ ወይስ በኦፕሬሽን? የእትብት ደም ኢንዛይም የሚነግረንና የማይነግረን

በምጥ የተወለደ ሕፃን የእትብት ደም ውስጥ አንዳንድ ኢንዛይሞች በቀጠሮ ኦፕሬሽን ከተወለደው ልጅ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ይሄ እውነት ነው፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲለካ የኖረ ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ስትዞር ነው። አንዱ ያነብና «አያችሁ፣ ምጥ ልጁን ይጎዳዋል» ይላል። ሌላው ገልብጦ «በኦፕሬሽን የተወለደ ልጅ ደካማ ነው፣ ኢንዛይሙ እንኳ ዝቅ ይላል» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። መሃል ላይ የምትጨነቀው ደግሞ አራሷ ናት። ገና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ጠያቂ ከደጅ ሳይጠፋ፣ እሷ አልጋ ላይ ሆና ስልኳን ከፍታ «ልጄን ጎድቼው ይሆን?» እያለች ትፈልጋለች። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ኢንዛይም በሴል ውስጥ የኬሚካል ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ዋናው መኖሪያው ሴል ውስጥ ነው፣ ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ትንሽ ብቻ ይገኛል። ሴሉ ብዙ ሲሠራ፣ ሲጨመቅ፣ ኦክስጅን ሲያጥረው ወይም ሲሞት ግን ግድግዳው ይሳሳና ኢንዛይሙ ወደ ደም ይወጣል። ሐኪም ጉበት ሲጠረጥር ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ የሚባሉትን ኢንዛይሞች ምርመራ የሚያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ግን ልብ በሉ፣ ኢንዛይም ወጣ ማለት ሴል ሞተ ማለት አይደለም። ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው ልብሱ ላይ ዱቄት ቢታይ ሲሠራ ዋለ ማለት ነው እንጂ ታመመ ማለት አይደለም። ስፖርት ሠርቶ የመጣ ጤነኛ ጎረምሳም በማግስቱ ደሙ ቢመረመር የጡንቻ ኢንዛይሙ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል።

ከወሊድ ጋር በተያያዘ ስማቸው በብዛት የሚነሳው ሁለት ናቸው። አንዱ ክሬያቲን ካይኔዝ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ሲኬ ወይም ሲፒኬ የሚሉት። ሦስት ዓይነት አለው፦ በብዛት የአጥንት ጡንቻ ውስጥ ያለው ኤምኤም፣ በልብ ጡንቻ ውስጥ ከሌላው ቦታ ከፍ ብሎ የሚገኘው ኤምቢ፣ አንጎል ውስጥ የሚበዛው ቢቢ። ሁለተኛው ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ ነው፣ በአጭሩ ኤልዲኤች። ይሄኛው የሌለበት ሴል የለም ማለት ይቻላል፤ ጉበት፣ ልብ፣ ጡንቻ፣ ቀይ የደም ሴል ሁሉም አላቸው። ለዚህ ነው ኤልዲኤች «አንድ ቦታ የሆነ ነገር ሆኗል» የሚል እንጂ «እዚህ ቦታ ነው» ብሎ የማይጠቁም።

አሁን ወደ እትብቱ። እትብት ውስጥ ሦስት የደም ሥሮች አሉ። አንዷ ሰፊና ግድግዳዋ ስስ ናት፣ ቬን ትባላለች፤ ኦክስጅን ያለበትን ደም ከእንግዴ ልጅ ወደ ሕፃኑ ታመጣለች። ሁለቱ ቀጫጭን አርተሪዎች ናቸው፣ በቬኗ ዙሪያ እየተጠመዘዙ ይሄዳሉ፤ ሕፃኑ የተጠቀመበትን ደም ወደ እንግዴ ልጅ ይመልሳሉ። ስለዚህ «ልጁ እንዴት ነበር?» ለሚለው ጥያቄ የሚሻለው የአርተሪው ደም ነው፣ በልጁ ሰውነት ዞሮ የመጣው እሱ ስለሆነ። የቬኗ ደም ይበልጥ የሚናገረው ስለ እንግዴ ልጁ ሥራ ነው። አዋላጇ ስትቸኩል ግን እጇ የሚሄደው ወደ ሰፊዋ ነው፣ በመርፌ ለመውጋት ቀላሏ እሷ ናት።

ደሙ የማን ነው? የእናትየው ነው ወይስ የልጁ? የልጁ ነው። የእናትና የልጅ ደም በእንግዴ ልጅ ውስጥ ጎን ለጎን ይፈሳል እንጂ አይቀላቀልም። ኦክስጅንና ስኳር ይሻገራሉ። እንደ ሲኬና ኤልዲኤች ያሉት ትልልቅ ፕሮቲኖች ግን በአብዛኛው አይሻገሩም። ስለዚህ እናትየው ስታምጥ የራሷ ሲኬ ከፍ ቢል እሱ ወደ ልጁ አይተላለፍም። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ማህፀንና እንግዴ ልጅ ራሳቸው ሲኬ-ቢቢ አላቸው። ስለዚህ እትብት ደም ውስጥ ቢቢ ተገኘ ብሎ «አንጎሉ ተጎድቷል» ማለት ትልቅ መቸኮል ነው።

እንግዲህ ምጥ ምን ያደርጋል? ምጡ ሲጠና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ማህፀን ይጨመቃል። በጨመቀ ቁጥር ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄደው የእናት ደም ይቀንሳል፣ ሲለቅ ደግሞ ይመለሳል። ጤነኛ ልጅ ይህን በደንብ ይችለዋል፣ የተዘጋጀበት ነገር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ሴሎቹ ያለ በቂ ኦክስጅን ኃይል የሚያመነጩበትን መንገድ ይጠቀማሉ፤ የዚህ መንገድ ውጤት ላክቴት ነው፣ እሱን የሚሠራው ደግሞ ይሄው ኤልዲኤች ነው። በዚያ ላይ ልጁ በጠባብ መንገድ እየተጨመቀ፣ ጭንቅላቱን እያዞረ፣ ትከሻውን እያጠበበ ይወጣል። ጡንቻው ይጨመቃል፣ አንዳንዴም ቆዳው ይላላጣል፣ ፊቱ ይበልዛል። ትንሽ ሲኬ ቢወጣ ምን ይገርማል?

ምጥ ኢንዛይም ብቻ አይደለም የሚጨምረው። አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን በልጁ ደም ውስጥ በጣም ይጨምራሉ፣ ኮርቲዞልም አብሮ ከፍ ይላል። እነዚህ ሆርሞኖች ጥቅም አላቸው። ልጁ ሆድ ውስጥ ሳለ ሳንባው በፈሳሽ የተሞላ ነው። ሆርሞኖቹ የሳንባ ሴሎችን «ፈሳሹን ምጠጡት» ብለው ያዛሉ። ምጥ ሳይጀምር በቀጠሮ ኦፕሬሽን የተወለዱ አንዳንድ ልጆች የመጀመሪያውን ቀን ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሱት ይሄ ትእዛዝ በሙሉ ኃይሉ ስላልደረሳቸው ነው። በአብዛኛው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይስተካከላል። እንግዲህ «ምጥ ጭንቀት ነው፣ ጭንቀት ደግሞ መጥፎ ነው» የሚለው ቀላል ሂሳብ እዚህ አይሠራም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል፣ እኔም ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። «በምጥ» እና «በኦፕሬሽን» የሚለው ክፍፍል ራሱ ትክክለኛው ክፍፍል አይደለም። በኦፕሬሽን የተወለዱ ልጆች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዷ እናት ቀን ተቆርጦላት፣ ጠዋት ሆስፒታል ገብታ፣ አንድም ምጥ ሳይነካት ወልዳለች። ሌላዋ አሥራ ስምንት ሰዓት አምጣ፣ ጭንቅላቱ አልወርድ ብሎ ወይም የልጁ የልብ ምት ወርዶ በጥድፊያ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ገብታለች። መዝገቡ ላይ ሁለቱም «ሲኤስ» ነው የሚባሉት። የሁለተኛዋ ልጅ የእትብት ደም ግን የቀጠሮዋን ልጅ አይመስልም፤ በምጥ ወደተወለደው ይጠጋል፣ ሲጀመር ወደ ኦፕሬሽን ያስገባው ችግር ከባድ ከነበረም ሊበልጠው ይችላል። በምጥ የተወለዱትም እንደዚያው ናቸው። ቶሎ የወለደችው፣ ሲያምጣት ያደረችው፣ ልጇ በቫክዩም ተስቦ የወጣላት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው አይቆጠሩም። ቫክዩም ወይም ፎርሴፕስ (ጭንቅላቱን ይዞ የሚስብ መሣሪያ) የተደረገላቸው ልጆች ላይ የጡንቻ ኢንዛይም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፣ ጭንቅላት ላይ ደም ከቋጠረ ደግሞ የበለጠ ይጨምራል።

ስለዚህ የሚጠየቀው «በየት ወጣ?» ሳይሆን «ምጥ ነበረ? ስንት ሰዓት ቆየ? ኦፕሬሽኑ ለምን ተደረገ?» ነው። ጥናት ስታነቡ መጀመሪያ ይሄን ፈልጉ። የቀጠሮውንና የድንገተኛውን ኦፕሬሽን አንድ ላይ አደባልቆ አማካይ ያወጣ ጥናት ካጋጠማችሁ፣ አማካዩ የሁለቱንም ልጅ አይገልጽም።

ይሄ ነገር ለእኛ አገር ከሌላው በላይ ይመለከታል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ በኦፕሬሽን የተወለዱት ከመቶ 2 ገደማ ነበሩ፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ከመቶ 21 ገደማ። አሜሪካ ውስጥ ከመቶ 32 ገደማ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ስለ ብዛት ብቻ አይደለም የሚናገሩት፤ ማን በኦፕሬሽን እንደሚወልድም ይናገራሉ። ኦፕሬሽን ብርቅ በሆነበት ገጠር እዚያ የምትደርሰው ሴት ብዙ ጊዜ ቤቷ ያማጠች፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ የደረሰች፣ ከዚያ ሪፈር ተጽፎላት በአምቡላንስ የመጣች ናት። አሜሪካ ሜሪላንድ ወይም አዲስ አበባ የግል ሆስፒታል በቀጠሮ የምትወልደው ሌላ ናት። ስለዚህ በውጭ አገር የተሠራ ጥናት «በኦፕሬሽን የተወለዱ ልጆች ኢንዛይማቸው ዝቅ ያለ ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ ያንኑ ጥናት አንድ የክልል ሪፈራል ሆስፒታል ብትደግሙት ግን ተቃራኒው ሊወጣ ይችላል። ያም እውነት ይሆናል። የተለያየው ምጡ ነው እንጂ ቢላው አይደለም።

ንጽጽሩን የሚያደባልቀው ሌላው ነገር የእርግዝናው ሳምንት ነው። የቀጠሮ ኦፕሬሽን ብዙ ጊዜ ምጥ ከሚመጣበት ቀን ቀድሞ ይደረጋል፣ የኢንዛይም መጠን ደግሞ በእርግዝና ሳምንት ይለያያል። ሳምንት ለጤናም ቀላል ነገር አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በሚባለው የሕክምና መጽሔት በወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ከዚህ በፊት በኦፕሬሽን የወለዱ እናቶች በድጋሚ በቀጠሮ ኦፕሬሽን ሲወልዱ፣ ልጁ ላይ የመተንፈስና ሌሎች ችግሮች የታዩት በ37ኛው ሳምንት ከመቶ 15.3፣ በ38ኛው 11.0፣ በ39ኛው 8.0 ላይ ነበር። ያው ቀዶ ጥገና፣ ያው መንገድ፣ የተለወጠው ሳምንቱ ብቻ ነው። አጣዳፊ ምክንያት ከሌለ ሐኪሞች የቀጠሮውን ቀን ወደ 39ኛው ሳምንት የሚገፉት ለዚህ ነው።

ደሙ እንዴት እንደተቀዳ ደግሞ ቁጥሩን ከምጡ በላይ ሊያዛባው ይችላል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ልጁ ይወለዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይጠበቅና እትብቱ ይታሰራል፣ ይቆረጣል። ከዚያ አንድ ቁራጭ እትብት በሁለት መቆንጠጫ ተይዞ ትሪ ላይ ይቀመጣል። እትብቱ ያዳልጣል፣ ጓንቱ ረጥቧል፣ አርተሪው ቀጭን ነው። ባለሙያው በቀጭን መርፌ በኃይል ይስባል፣ ከዚያ መርፌውን ሳይነቅል ደሙን ወደ ቱቦው በግፊት ይረጨዋል። ቀይ የደም ሴሎች በዚያ ግፊት ይፈነዳሉ። ቀይ ሴል ውስጥ ያለው ኤልዲኤች በዙሪያው ካለው የደም ውሃ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ቱቦው ከተሽከረከረ በኋላ ገለባማ ቢጫ መሆን የነበረበት ሴረም ቀላ ብሎ ይመጣል። ኤልዲኤች ሰማይ ነካ፣ ኤስጂኦቲና ፖታሲየምም ከፍ አሉ። ልጁ ግን ምንም አልሆነም። ጥሩ ላብራቶሪ እንዲህ ያለውን ናሙና «ሄሞላይዝድ ነው» ብሎ ይመልሳል ወይም ውጤቱ ላይ ይጽፋል። ወረቀታችሁ ላይ ይህን ቃል ካያችሁ ኤልዲኤቹን አትመኑት።

የቱቦው ቀለምም አለ። ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል አለ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ማዕድን በመያዝ ነው። ሲኬ ለመሥራት ማግኒዥየም ይፈልጋል፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ዚንክም ማግኒዥየምም። ኢዲቲኤው እነዚህን ስለሚይዝባቸው ያለው ኢንዛይም እንደሌለ ሆኖ ይለካል። ለደም ቆጠራ የተቀዳን ቱቦ «በዚያው ኢንዛይሙን ሥሩልን» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

አሁን ብዙ ወላጆችን የሚያስደነግጠው ነገር፣ ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ ጎን የምትታየው «ከፍተኛ» የምትል ምልክት። ማሽኑ ያንን ምልክት የሚያወጣው ከተሞላለት መደበኛ መጠን ጋር አነጻጽሮ ነው፣ የተሞላለት መጠን የአዋቂ ከሆነ ደግሞ ጤነኛ አራስ ልጅ ሁሉ ታማሚ ይመስላል። በሕፃናት ሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ላይ የሚጠቀሰውን የሲኬ ሰንጠረዥ ተመልከቱ። የእትብት ደም ላይ በሊትር ከ70 እስከ 380 ዩኒት፣ ከተወለደ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ከ214 እስከ 1175፣ ከ24 እስከ 33 ሰዓት ከ130 እስከ 1200፣ ከ72 እስከ 100 ሰዓት ከ87 እስከ 725። እዚያው ሰንጠረዥ ላይ አዋቂው ከ5 እስከ 130 ነው። ቁጥሮቹ እንደ መለኪያው ዘዴ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ይለያያሉ፣ አካሄዱ ግን አይለወጥም። ኤልዲኤችም እንደዚያው፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ከ290 እስከ 775 ይደርሳል፣ አዋቂ ላይ ከ100 እስከ 190።

ከዚህ ሰንጠረዥ ሌላም ነገር እናያለን። ሲኬ ከፍ የሚለው እትብቱ በተቆረጠበት ደቂቃ አይደለም፣ ከሰዓታት በኋላ ነው። ኢንዛይም ከጡንቻ ወጥቶ ደም ውስጥ ለመታየት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የእትብት ደም ስለ መጨረሻዋ ግፊት፣ ልጁ ስለወጣባት ደቂቃ፣ ብዙም አይነግረንም። የሚነግረን ከዚያ በፊት ስላለፉት ሰዓታት ነው። ረጅም ምጥ በእትብት ደም ላይ የሚታየው፣ በመጨረሻ ላይ የደረሰ ጉዳት ግን በማግስቱ ደም ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው።

በዚሁ ምክንያት «ልጁ ታፍኖ ነበር ወይ?» የሚለውን አስቸኳይ ጥያቄ ኢንዛይም አይመልሰውም። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው የእትብት አርተሪ ደም ፒኤች፣ ቤዝ ዴፊሲትና ላክቴት ነው፣ ሦስቱም ደሙ ውስጥ አሲድ ምን ያህል እንደተጠራቀመ ያሳያሉ፣ በደቂቃዎች ይወጣሉ። ፒኤቹ ከ7.0 በታች ከወረደ ሐኪሞች በጣም ይጠነቀቃሉ። የታፈነ ልጅን አንጎል ለማዳን ሰውነቱን የማቀዝቀዝ ሕክምና አለ፣ መጀመር ያለበት ግን በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ነው። ኢንዛይሙ ከፍ እስኪል የሚጠብቅ ሰው ያንን ሰዓት ያሳልፈዋል። ኢንዛይሞቹ በኋላ የጉዳቱን ስፋት ለመገመት ይረዱ ይሆናል፣ ኤልዲኤች ላይ በተለይ ተስፋ የሚሰጡ ጥናቶች አሉ፣ የመጀመሪያው ውሳኔ ግን በእነሱ አይደረግም። ላክቴትና ኤልዲኤች በስም ስለሚመሳሰሉ ሰው ያምታታቸዋል፤ ላክቴት የተሠራው ነገር ነው፣ ኤልዲኤች ሠሪው ነው።

የወሊድ ሲኬ ከፍታ ሌላ ቦታ ላይም ችግር ይፈጥራል። ዱሸን የሚባል ከባድ የጡንቻ በሽታ አለ፣ ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚሆኑ ወንድ ልጆች አንዱን ይይዛል። እነዚህ ልጆች ሲኬያቸው ከተወለዱ ጀምሮ እጅግ ከፍተኛ ነው፣ ስለዚህ ከተረከዝ በምትወሰድ የደም ጠብታ ቀድሞ መለየት ይቻላል። ዌልስ ከ1990 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ወንድ ሕፃናትን እንዲህ ትመረምር ነበር። ፈተናው ግልጽ ነው፦ ጤነኛውም ልጅ በመጀመሪያው ቀን ሲኬው ከፍ ይላል። ስለዚህ የልጁ ዕድሜ በሰዓት መታወቅ አለበት፣ ከፍ ያለው ውጤት ደግሞ ቆይቶ መደገም አለበት። የወሊዱ ከሆነ በቀናት ውስጥ ይወርዳል። የዱሸኑ አይወርድም።

አንቲኦክሲዳንት ስለሚባሉት ኢንዛይሞች፣ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ፣ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ፣ ብዙ ይጻፋል። ልጅ ሲወለድ ኦክስጅን ዝቅተኛ ከሆነበት ቦታ ወደ አየር ይወጣል፣ እነዚህ ኢንዛይሞች በዚያን ጊዜ ሴሎቹን ይጠብቃሉ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች አነስ ያለ ነው ያላቸው። የአወላለድ መንገድ እነሱን ይለውጣል ወይ ለሚለው ግን ጥናቶቹ እርስ በርስ አይስማሙም፣ ስለዚህ «በምጥ የተወለደ ልጅ አንቲኦክሲዳንቱ ይበልጣል» የሚል ማስታወቂያ ብታዩ አልፋችሁ ሂዱ።

ውጤት በእጃችሁ ካለ ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁት፦ ደሙ የተወሰደው ከእትብት ነው ወይስ ከልጁ፣ በስንት ሰዓቱ? ናሙናው ሄሞላይዝድ ነበር? የተነጻጸረው ከሕፃን መጠን ጋር ነው ወይስ ከአዋቂ? መቼ ይደገም? በደንብ የሚጠባ፣ የሚያለቅስ፣ እጅ እግሩን የሚያወራጭ ልጅ ሲኬው በመጀመሪያው ቀን ከፍ ቢል አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «እንድገመው» ነው። ልጁ ጡት አልይዝ ካለ፣ ከተዝለፈለፈ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ሲተነፍስ ካቃሰተ ወይም የጎድን አጥንቱ ሥር እየገባ ከወጣ ግን የኢንዛይሙ ቁጥር ዝቅም ይበል ከፍ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።